ባውድ ለካ የሰው ስም ነው!

የዛሬው ወጌ ስለ አንድ ፈረንሳዊ የገበሬ ልጅ ነው። ከሞተ ከመቶ ሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። ይሁን እንጂ ሞደም፣ ቴሌክስ ወይም የኮምፒውተር ሴሪያል ገመድ የነካካ ሰው ሁሉ ሳያውቀው ስሙን ሲጠራ ኖሯል። እኔም ከነዚህ ሰዎች አንዱ ነበርኩ። ወጌን ከመጀመሬ በፊት ግን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፤ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የጀመረው በአንዲት ርካሽ ቦርድ ነው። የክብሪት ቀፎ የምታክል፣ በላይዋ ላይ አንድ ማይክሮኮንትሮለር የተቀመጠባት ትንሽ ቦርድ ናት። የገዛኋት ያገለገለች ሆና ነው። ከኔ በፊት የነበራት ባለቤት በመበየጃ ብዙ ቦታ ነካክቷታል፤ አንዱን ክፍል ነቅሎ ሌላ ተክሎባታል። ዋጋዋ ስለረከሰልኝ ብዙም አልመረመርኳትም። የሰጠኋት ሥራ ቀላል ነበር፤ የክፍሉን ሙቀት እየለካች በየሴኮንዱ ቁጥሩን በቀጭን ሽቦ ወደ ኮምፒውተሬ መላክ። ፕሮግራሙን ጻፍኩ፣ በመጫኛ ጫንኩባት፣ ሽቦዎቹን አገናኘሁ፣ ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። የመጣው ግን ቁጥር አልነበረም። የጥያቄ ምልክት፣ አራት ማዕዘን፣ የየትኛውም አገር ፊደል ያልሆነ ኮተት ስክሪኑን ሞላው።

መቼም እንዲህ ሲሆን ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ሽቦውን ነው። የላኪው እግር ከተቀባዩ እግር ጋር መስቀለኛ ሆኖ መገናኘቱን አየሁ፤ ትክክል ነው። ግራውንዱ የጋራ መሆኑን ፈተሽኩ፤ የጋራ ነው። ቦርዷን ነቅዬ የኮምፒውተሩን ገመድ ላኪና ተቀባይ ጫፎች እርስ በርስ አገናኘሁና የሆነ ነገር ጻፍኩ። የጻፍኩት ሳይዛነፍ ተመልሶ መጣ። ስለዚህ ገመዱም ኮምፒውተሩም ጤነኛ ናቸው። ጥፋቱ ያለው ቦርዷ ዘንድ ነው ማለት ነው።

ፍንጩን የሰጠችኝ አንዲት ቀይ መብራት ናት። ፕሮግራሙን ስጽፍ ቦርዷ ቁጥር በላከች ቁጥር መብራቷ ብልጭ እንድትል አድርጌ ነበር። በሴኮንድ አንዴ ማለት በደቂቃ ስልሳ ጊዜ ማለት ነው። ሰዓቴን ይዤ ብቆጥር ሠላሳ ብቻ ሆነ! ልክ ግማሹ። ወዲያው ኮምፒውተሩን ከ9600 ባውድ ወደ 4800 ባውድ አወረድኩት። ያ ሁሉ ኮተት ጠፍቶ ቁጥሮቹ ተሰልፈው መጡ። ቦርዷን በማጉያ መነጽር ሳያት የሰዓቷን ምት የምትሰጠው ክሪስታል ባለ 16 ሜጋኸርዝ ሳትሆን ባለ 8 ሆና ተገኘች። የቀድሞው ባለቤት በ3.3 ቮልት ባትሪ ሊያሠራት ፈልጎ በዝግታ እንድትመታ ለውጧታል። በዚያ ቮልቴጅ 16 ሜጋኸርዝ ለቺፗ ከአቅም በላይ ነውና ሰውየው የሚሠራውን የሚያውቅ ነበር። እኔ ግን ፕሮግራሙን የጻፍኩት 16 ነው ብዬ ነው። ቦርዷ የኔን አንድ ሴኮንድ በሁለት ሴኮንድ ስትቆጥር፣ የምትልከውንም ምልክት በእጥፍ ስታረዝም ነበር። ላኪና ተቀባይ በሰዓት አልተግባቡም።

በዚያ ምሽት ነው እንግዲህ አንድ ጥያቄ የመጣብኝ። ለዓመታት ዘጠኝ ሺህ ስድስት መቶ ባውድ እያልኩ ኖሬያለሁ። ለመሆኑ ባውድ ምንድነው? ቮልት ከቮልታ፣ አምፔር ከአምፔር፣ ኸርዝ ከኸርዝ መምጣቱን ትምህርት ቤት ነግረውናል። ስለ ባውድ ግን የነገረኝ ሰው አልነበረም። ፈልጌ ሳነብ ለካ ባውድ የሰው ስም ኖሯል፤ ኤሚል ቦዶ የሚባል ሰው። ያውም ዕድሜውን በሙሉ የታገለው እኔን በዚያ ምሽት ካስቸገረኝ ነገር ጋር ነው፤ ሁለት ሩቅ ማሽኖችን በአንድ ሰዓት ማስኬድ።

ዣን ሞሪስ ኤሚል ቦዶ የተወለደው መስከረም 11 ቀን 1845 በሰሜን ምሥራቅ ፈረንሳይ፣ ኦት-ማርን በሚባለው ክፍለ ሀገር፣ ማኞ በምትባል የገጠር መንደር ነው። አባቱ ገበሬ ነበር። ቦዶ የተማረው የመንደሩን የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ኮሌጅ አልገባም፣ የምሕንድስና ዲፕሎማ አልያዘም። ከአባቱ ጋር እርሻ ላይ ሲሠራ ቆየና ሃያዎቹን ዕድሜ ሊያጋምስ ሲል በፈረንሳይ የቴሌግራፍ መሥሪያ ቤት በተለማማጅ ኦፕሬተርነት ተቀጠረ።

መሥሪያ ቤቱ መጀመሪያ የሞርስን ቴሌግራፍ አስተማረው። ቀጥሎ ደግሞ ለአራት ወር ያህል የሂዩዝን ማተሚያ ቴሌግራፍ እንዲማር ላከው። ይህ ሂዩዝ የሚባል ሰው በ1855 የሠራው ማሽን እንደ ፒያኖ ያለ የቁልፍ ሰሌዳ ያለው ሲሆን፣ በተቀባዩ በኩል መልእክቱን በፊደል አትሞ የሚያወጣ ነበር። ቦዶ የሕይወቱን ሥራ ያገኘው እዚህ ላይ ነው። በመካከሉ የ1870ው የፈረንሳይና የፕራሻ ጦርነት መጣና ለጥቂት ጊዜ ወታደር ሆነ። ጦርነቱ አልፎ በ1872 ወደ ፓሪስ ሥራው ተመለሰ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን የዘመኑን ችግር እንይ። ያኔ ከከተማ ከተማ ሽቦ መዘርጋት ብዙ ገንዘብ የሚፈጅ ነገር ነበር። ያ ሁሉ ወጪ የወጣበት ሽቦ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። ቦዶ ያስተዋለው ይህንን ነው። የሂዩዝ ማሽን አንድ ፊደል የሚልከው በአንዲት ቅጽበታዊ ምት ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ የሚቀጥለው ፊደል ተራ እስኪደርስ ሽቦው ባዶ ነው። ታዲያ በዚያ ባዶ ጊዜ ሌላ ሰው ለምን አይልክበትም? በአንድ የውኃ ቧንቧ አራት አባወራ በተራ እንደሚቀዳው ማለት ነው። አለቆቹ ሐሳቡን ወደዱለት። ሆኖም ሥራውን የሚሠራው በራሱ ጊዜ እንዲሆን ነበር የፈቀዱለት። ቀን የመንግሥት ኦፕሬተር፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ ፈልሳፊ ሆነ።

ሰኔ 17 ቀን 1874 የመጀመሪያውን ፓተንት አስመዘገበ። የዘዴውን አሠራር በአጭሩ ልንገራችሁ። የሞርስ ምልክት አንዱ ፊደል አጭር፣ ሌላው ረጅም ነው። ለሰው ጆሮ ይመቻል፣ ለማሽን ግን አይመችም፤ ማሽኑ ፊደሉ የት እንዳለቀ አያውቅም። ቦዶ ፊደሎቹን ሁሉ እኩል አደረጋቸው። እያንዳንዱ ፊደል አምስት ምት ብቻ ነው፤ በእያንዳንዷ ምት ላይ የኤሌክትሪኩ አቅጣጫ ወይ እንዲህ ነው ወይ እንዲያ። ሁለትን አምስት ጊዜ በራሱ ብታባዙት 32 ይመጣል። 32 ደግሞ ለላቲን ፊደላት ይበቃል፤ ለቁጥርና ለሥርዓተ ነጥብ ግን ይጎድላል። ስለዚህ ከመሐከላቸው ሁለቱን መለወጫ አደረጋቸው። አንደኛው ከዚህ በኋላ ቁጥር ነው ይላል፣ ሌላኛው ወደ ፊደል ተመለስ ይላል። ዛሬ በኮምፒውተር የቁልፍ ሰሌዳ ላይ ሺፍት የምንለው ቁልፍ የዚሁ ዘመድ ነው።

ላኪው ሰው ፊት የተቀመጡት ቁልፎች አምስት ብቻ ናቸው፤ ሁለቱ ለግራ እጅ፣ ሦስቱ ለቀኝ እጅ። በሁለቱም ከተሞች በክብ ሰሌዳ ላይ የሚሽከረከር ክንድ አለ። ክንዱ የመጀመሪያውን ኦፕሬተር አምስት ቁልፎች ይነካና ወደ ሁለተኛው ያልፋል፣ ከዚያ ወደ ሦስተኛው፤ እንዲህ እያለ ዞሮ ይመለሳል። አንድ ዙር በደቂቃ 180 ጊዜ ነበር። ይህም ማለት እያንዳንዱ ኦፕሬተር በሴኮንድ ሦስት ፊደል፣ በደቂቃ ሠላሳ ቃል ያህል ይልካል ማለት ነው። ተራው ሲደርስ ማሽኑ ቀጭ የሚል ድምፅ ያሰማዋል። ያኔ ጣቶቹ በቦታቸው መገኘት አለባቸው። ቢዘገይ ፊደሏ ትበላሻለች። ለዚህም ነው የቦዶ ኦፕሬተር መሆን እንደ ከበሮ መቺ የምት ስሜት የሚጠይቅ ሥራ የነበረው።

ትልቁ ችግር ግን ኦፕሬተሩ አልነበረም። ፓሪስ ያለው ክንድና ቦርዶ ከተማ ያለው ክንድ በመቶ ኪሎ ሜትሮች ርቀው እኩል መሽከርከር ነበረባቸው። አንዱ ትንሽ ቀድሞ ቢገኝ የአንደኛው ኦፕሬተር ፊደል የሁለተኛው ወረቀት ላይ ይወጣል፤ ወይም ፊደሉ ተቆርጦ ሌላ ይሆናል። የኔ ቦርድ ያሳየችኝ ኮተት ማለት ይኸው ነው! መፍትሔው ብልሃት ያለበት ነበር። አንደኛውን ክንድ ሆን ብሎ ከሌላው ጥቂት እንዲፈጥን ያደርገዋል። ከዚያም በዙሩ ውስጥ ከወዲያ ማዶ የሚመጣ ማረሚያ ምት አለ፤ ፈጣኑ ክንድ ቀድሞ ከተገኘ ምቷ ትንሽ ወደኋላ ትገታዋለች። ሁለት ሰዓቶች ለዘለዓለም እኩል አይሄዱም፤ ስለዚህ ያለማቋረጥ ማረም ይሻላል ማለቱ ነው።

የመስመር ላይ ሙከራው ኅዳር 12 ቀን 1877 በፓሪስና በቦርዶ መካከል ተደረገ፤ ሠራ። በዚያው ዓመት መጨረሻ 1,700 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝመው የፓሪስ - ሮም መስመር ላይ ተተከለ። በ1878 በፓሪስ በተካሄደው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን የወርቅ ሜዳሊያ ተሸለመ። የመንደር ትምህርት ብቻ ያለው የገበሬ ልጅ፣ በሠላሳ ሦስት ዓመቱ ስሙ በመላው አውሮፓ ተሰማ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ መልካም ነበር። ግን አላለቀም። በዚያው መሥሪያ ቤት ሉዊ ቪክቶር ሚሞ የሚባል ሌላ ሠራተኛ ነበር። እሱም በ1874 በአምስት መስመሮች የሚልክ ቴሌግራፍ ሠርቶ ፓተንት አውጥቷል። መሥሪያ ቤቱ ግን አልተቀበለውም። ሚሞ ሐሳቡ የኔ ነው ሲል በ1877 ቦዶን ከሰሰው። የፓሪሱ ፍርድ ቤት የሦስት ባለሙያዎችን ቃል ሰምቶ ለሚሞ ፈረደ፤ የኮዱ ቀዳሚ ባለቤት ሚሞ ነው፣ የቦዶ ሥራ ማሻሻያ ብቻ ነው አለ። በኋላ ይህ ፍርድ ተሻረና ሚሞ የክርክሩን ወጪ ሁሉ እንዲከፍል ተወሰነበት።

ይህን ሳነብ ቦዶን ብቻ ደግፌ መቆም አቅቶኝ እንደነበር አልደብቃችሁም። እውነቱን ለመናገር ከቦዶ ማሽን ውስጥ ያሉት ሐሳቦች ብዙዎቹ ቀድመው የነበሩ ናቸው። ማተሚያው የሂዩዝ ነው። ሽቦውን በተራ መካፈልን ሜየር የሚባል ሰው ሞክሮታል። ባለ አምስት ምት ኮድን ጀርመኖቹ ጋውስና ዌበር በ1830ዎቹ ተጠቅመውበታል። የቦዶ ድርሻ እነዚህን አንድ ላይ አምጥቶ በሺህ ኪሎ ሜትር ሽቦ ላይ ቀን ከሌት የሚሠራ ማሽን ማድረጉ ነው። ይህ ትንሽ ነገር የሚመስለው ካለ አንድ ቀን ሁለት ርካሽ ቦርዶችን አገናኝቶ ይሞክረው። ሐሳቡን ማወቅ ሌላ፣ ማግባባት ሌላ ነው።

ሚሞ ግን ሽንፈቱን ሊሸከመው አልቻለም። አእምሮው ታወከ። የፓተንቱ ዘመን እንዲራዘምለት፣ መቶ ሺህ ፍራንክ እንዲከፈለውና የክብር ኒሻን እንዲሰጠው ጠየቀ። ጉዳዩን የመረመረው ኮሚቴ ጥያቄውን ውድቅ ሲያደርግበት በ1888 ኮሚቴውን የመራውን ዡል ሬኖ የተባለ የቴሌግራፍ ባለሥልጣን ተኩሶ ገደለው። ሚሞ ወደ ግዞትና ወደ ከባድ የጉልበት ሥራ ተላከ። አንዱ ስሙ የመለኪያ ስም ሆነ፣ አንዱ በነፍሰ ገዳይነት ተመዘገበ፣ አንዱ ደግሞ በማይመለከተው ጠብ ሕይወቱን አጣ። የሁሉም መነሻ አምስት ምት ናት።

የቦዶም ሕይወት ቢሆን የተመቸ አልነበረም። ሥራ በጀመረ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ሕመም ጀመረው፤ አንዳንዴ እስከ ወር ድረስ ከሥራ ይቀራል። ይህ ሕመም እስከ ዕለተ ሞቱ አልለቀቀውም። ትዳር የያዘው ዘግይቶ ነው። ጥር 15 ቀን 1890፣ በአርባ አራት ዓመቱ፣ ማሪ ጆዜፊን አደላይድ ላንግሮኜን አገባ። ሚስቱ ሚያዝያ 9 ቀን ሞተች። ቀኑን ስቆጥረው 84 ቀን ነው። በዚያው ዓመት ነሐሴ 8 ቀን ፓሪስን፣ ቫንንና ሎሪያንን በአንድ ሽቦ አገናኝቶ ሲያነጋግር እናገኘዋለን። በነዚያ አራት ወራት ውስጥ በልቡ ምን እንደነበረ መዝገቡ አይነግረንም፤ መዝገቡ የሚነግረን መስመሩ መሥራቱን ነው።

ከዚያ በኋላም አላረፈም። ጥር 3 ቀን 1894 በሂዩዝ ማሽን ሲንገዳገድ በቆየው የፓሪስ - ቦርዶ መስመር ላይ ሦስት ኦፕሬተሮችን ባንድ ጊዜ የሚያስተናግድ መሣሪያ ተከለ። ሚያዝያ 27 ቀን ደግሞ የፓሪስን የአክሲዮን ገበያ ከሚላኖው ጋር አገናኘ። መንገዱ ረጅም በመሆኑ ምልክቱ ይደክማል፤ ስለዚህ በመሐል ላይ የደከመውን ምልክት ተቀብሎ አዲስ አድርጎ የሚያስተላልፍ መሣሪያ ፈለሰፈ። በ1897 ኦፕሬተሩ ምቱን እየጠበቀ ከመጨነቅ ይልቅ መልእክቱን አስቀድሞ በወረቀት ጥብጣብ ላይ እየበሳ እንዲያዘጋጅ ተደረገ። ከዚያ በኋላ ማሽኑ ራሱ ያነበዋል። በዚያው ዓመት እንግሊዞች ለለንደን - ፓሪስ መስመር ተጠቀሙበት፣ ጀርመኖች በ1900 ተከተሉ።

ኤሚል ቦዶ መጋቢት 28 ቀን 1903 ፓሪስ አጠገብ በምትገኘው ሶ ከተማ አረፈ። ዕድሜው 57 ነበር።

ዶናልድ መሪ የሚባል የኒውዚላንድ ተወላጅ ኮዱን ለታይፕራይተር ቁልፍ እንዲመች አድርጎ አሻሻለው። የዓለም ቴሌክስ በዚሁ በተሻሻለው አምስት ምት ለአሥርት ዓመታት ሠራ። በ1910ዎቹ ደግሞ አሜሪካውያን መሐንዲሶች በእያንዳንዱ ፊደል ፊትና ኋላ የመነሻና የማቆሚያ ምልክት ጨመሩ። ተቀባዩ ሰዓቱን በየፊደሉ መጀመሪያ እንደገና ይጀምራል። የኔም ቦርድ የምትሠራው በዚሁ ነው፤ አንድ መነሻ፣ ስምንት የመረጃ ምት፣ አንድ ማቆሚያ። በ9600 ባውድ አንዷ ምት የምትቆየው 104 ሚሊዮነኛ ሴኮንድ ገደማ ነው። ላኪና ተቀባይ በመቶ ሁለት ሦስት ቢለያዩ ችግር የለም፤ ወደ አምስት ሲጠጋ ፊደል መበላሸት ይጀምራል። እንደ እኔዋ ግማሽ በግማሽ ከሆነ ግን ምንም አይነበብም።

ወደ አገራችን ስመጣ ደግሞ የቦዶ ነገር ሌላ ፈተና ያመጣል። 32 ምልክት ለፈረንሳይኛ በመለወጫ ቁልፍ ይበቃል። ከሁለት መቶ በላይ ለሆነው ፊደላችንስ? በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ኢንጂነር ተረፈ ራስወርቅ የአማርኛ ቴሌፕሪንተር ሲሠሩ ከዚህ ጥያቄ ጋር መታገል ነበረባቸው። የሳቸው ታሪክ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ስለሚፈልግ ለሌላ ቀን ይቆየን።

የቦዶ አገር ሰዎች በ1949 ምስሉን በፖስታ ቴምብር ላይ አወጡለት። ከዚያ በፊት በ1920ዎቹ የቴሌግራፍ ባለሙያዎች የመላኪያ ፍጥነት መለኪያ ሲፈልጉ በስሙ ሰየሙት፤ በሴኮንድ የምትላክ የምልክት ምት ብዛት ባውድ ተባለች። ስሙን ሲወስዱ የመጨረሻዋን ድምፅ ቆረጧት፤ እኛም በእንግሊዝኛው አነባበብ ባውድ አልነው። ሰውየው ራሱ ቢሰማን ማንን እንደምንጠራ ላያውቅ ይችላል።

ቦርዷን ባለ 8 ሜጋኸርዝ መሆኗን ለፕሮግራሙ ነግሬ ወደ 9600 መለስኳት። ይኸው እስካሁን በየሴኮንዱ ሙቀቱን ትነግረኛለች። በክሪስታሏ ጎን በወረቀት ቁራጭ 8 ብዬ ለጥፌባታለሁ፤ ነገ ከኔ የሚወስዳት ሰው እንደኔ አንድ ምሽት እንዳይቃጠልበት። እናንተም ሁለት ማሽን አልግባባ ብሏችሁ ስክሪናችሁ ኮተት ከሞላ ሽቦውን ከመቁረጣችሁ በፊት ሰዓታቸውን ቁጠሩ። በዚያውም ያን የማኞውን ገበሬ ልጅ በሙሉ ስሙ አስታውሱት።